ጥያቄና መልስ፦ ሥራዬና የአምቡላንሱ ተራ ተጋጩብኝ

ጥያቄ፦

ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን መምህር። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ከአምቡላንስ ጋር እወጣለሁ። የጀመርኩት ወንድሜ ከደሴ ሲወርድ መኪና ተገልብጦበት በሰው እጅ ከተረፈ በኋላ ነው። ያኔ ግሸን ወጥቼ "እመቤቴ፣ እሱን ካተረፍሽልኝ እኔም የወደቀ ሰው አነሣለሁ" ብዬ ተሳልኩ። አሁን ግን ሁለቱን ማስኬድ አቃተኝ። ሌሊት ጥሪ ወጥቼ አድሬ ጠዋት ማሽን ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ። ሁለት ጊዜ አለቃዬን "እናቴ ታማለች" ብዬ ዋሽቼ ወጥቻለሁ። ጓደኛዬ በስሜ የፈረመልኝ ቀንም አለ። አሁን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ባለቤቴ "ለሁሉም ሰው አለህ፣ ለእኛ ግን የለህም" ትለኛለች። ስልክ ካላነሣሁ ደግሞ ነፍስ ያጠፋሁ ይመስለኛል። እሑድ በቅዳሴ መሀል ቢደወልልኝስ ልውጣ? አንዳንድ ወንድሞች "ይሄ ዓለማዊ ነገር ነው፤ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን አገልግል" ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተም ለቤተሰብህም ይሁን። ጥያቄህን ያነበብኩት ማታ ነው፤ ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወደቀ ለማንሣት የሚሮጥ ልጅ ራሱ ሊወድቅ ጥቂት እንደ ቀረው ታየኝ።

"ዓለማዊ ነው" ከሚሉህ ልጀምር፤ እሱ ብዙ አያነጋግርም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 "ታምሜ ጠይቃችሁኛልና" ሲል የታመመው የት እንደ ተኛ አልወሰነም። መንገድ ዳር ደሙ የሚፈስ ሰውም ያው እርሱ ነው። ቀይ መስቀልም ለወሎ ሰው ባዕድ አይደለም። ማኅበሩ በአገራችን የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው። ብዙ ወራት ሳይቆይ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በዚያ ቀን ቁስለኛ መሸከም ዓለማዊ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አንተም አትጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ (ሉቃስ 10) እንደምታውቀው አልጠራጠርም። ግን አንድ ቁጥር አብዛኞቻችን እንዘለዋለን። ሳምራዊው መንገደኛ ነበር። የሚሄድበት ጉዳይ ነበረው። የቆሰለውን አየ፣ አዘነለት፣ ቁስሉን አሰረ፣ በገዛ አህያው ጫነው፣ ሌሊቱንም አብሮት አደረ። ከዚያስ? ወንጌሉ "በማግሥቱም ሲሄድ" ይላል። ሄደ! ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ ለእንግዶች ቤት ጠባቂው "ጠብቀው" ብሎ፣ "ስመለስ እከፍልሃለሁ" ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ጌታም በዚህ አልነቀፈውም። ምሳሌ አድርጎ "አንተም እንዲሁ አድርግ" አለ። እንግዲህ ማስረከብም የደግነቱ ክፍል ነው ማለት ነው። አንተ እስከ ማግሥቱ ያለውን ትሠራለህ። ከማግሥቱ የሚቀበልህን ሰው ግን አላበጀህም።

ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። ገጠር ያደግን ሰዎች ቃሬዛ እናውቃለን። አያቴን ከቀበሌያችን ወደ መኪና መንገድ ሲያወርዷት ልጅ ነበርኩ። ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ተጠራ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሃያ ሰው ባዶ እጁን በጎን ይሄዳል። እነዚያ ሃያዎቹ ሥራ ፈቶች አይደሉም፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ናቸው። የፊተኛው ሲደክመው "ተካኝ" ይላል፣ ቃሬዛው ሳይቆም ትከሻ ይቀያየራል። አንድ ዘመዳችን ግን እናቴ ናት ብሎ አልለቅም አለ። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱ ከዳው። አያቴ ከነቃሬዛው ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። ሽማግሌዎቹ የተቆጡት ቁጣ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ "ፍቅርህን ማን ጠየቀህ? ትከሻህን ስጥ፣ ሲበቃህ ልቀቅ!"

አንተም "ስልክ ካላነሣሁ ነፍስ ያጠፋሁ ይመስለኛል" ስትል ያ ዘመዴ ታወሰኝ። ስሜቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ውሸት አለበት። ሕይወትና ሞት በአንተ ስልክ ላይ አልተንጠለጠለም። አምቡላንስ የሚፈልግ ሰው 907 ይደውላል፤ እዚያ ተረኛ አለ። ተረኛው አንተ ከሆንክ ኃላፊነቱ የአንተ ነው፣ ማንሣት አለብህ። ተራህ ካልሆነ ኃላፊነቱ የሌላው ነው፣ ተኛ። ሳትመደብ መንገድ ላይ አደጋ ካጋጠመህማ ሌላ ነው። ያኔ የተማርከውን አድርግ፣ አስደውል፣ ሲመጡ አስረክብ። ሙሴም ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር የነገረው ይህንኑ ነው፦ "አንተ ብቻህን ልታደርገው አትችልም" (ዘጸአት 18፥18)። ሙሴ ሰማው። ሙሴ ከሰማ እኛ የማንሰማበት ምን ምክንያት አለን?

አሁን የሚከብደውን ልንገርህ፤ በፍቅር ነው የምናገርህ። "እናቴ ታማለች" ያልከው ኃጢአት ነው። ፊርማውም እንዲሁ። ለበጎ ሥራ ስለሆነ አይቀልም። ዳዊት መሥዋዕት ሊያቀርብ ሲል ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነፃ ልስጥህ አለው። ዳዊት ግን "ለአምላኬ ለእግዚአብሔር ያለ ዋጋ የሚቃጠል መሥዋዕት አላቀርብም" አለ (2ኛ ሳሙኤል 24፥24)። አስበው፤ ሳትሠራ ደመወዝ የተከፈለህበት ሰዓት የማን ነው? የአሠሪህ ነው። በእሱ ሰዓት ቁስለኛ ስታነሣ ምጽዋቱን የሰጠው እሱ ነው፣ ያውም ሳያውቅ። ጓደኛህንም እንጀራውን የሚያሳጣ ነገር ውስጥ አስገብተኸዋል። በጎ ፈቃድ የሚባለው ከራስ ጊዜ ሲሰጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ቀጥሎ ወደ አለቃህ። እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ። ግን ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከአንተ ቢሰማው ይሻላል። የጓደኛህን ስም አታንሣ፤ የራስህን ብቻ ተናገር። "እነዚያን ቀናት የወጣሁት ለዚህ ነበር፣ መዋሸት አልነበረብኝም፣ የቀረሁበት ከደመወዜ ወይም ከፈቃዴ ይቆረጥ" በለው። ባዶ እጅህንም አትሂድ። ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችሁ በጎ ፈቃደኛ መሆንህን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፍና የወሩን ተራ ይዘህ ግባ። ከዚያ "በእነዚህ ቀናት የሌሊት ፈረቃ እንዳልመደብ ቢተባበሩኝ፣ በምትኩ ሌላ ቀን እገባለሁ" ብለህ ጠይቅ። አሠሪ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ያመቻቻል፤ ድንገት የሚደርስበትን ነው የማይወደው። ደግሞም የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቅ ሠራተኛ ለፋብሪካ ሀብት ነው። ይህንንም ንገረው፤ ትዕቢት አይደለም።

ማስጠንቀቂያውን ቀላል አድርገህ አትየው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። በሌላ በኩል ያው አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጥሃል፤ በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመራል። ከዚህ ላይ ጥቂት ቀናትን ለአገልግሎትህ ብትመድብ ማንንም ሳትዋሽ ከራስህ ሰጠህ ማለት ነው። ሁሉንም ግን አትጨርሰው። ልጆችህም ድርሻ አላቸው።

እንቅልፉ እጅግ ያሳስበኛል። ያንቀላፋ ሰው እጁን ለማሽን ይሰጣል። ያንቀላፋ ሰው ቁስለኛ ሲያነሣም የተሰበረን አንገት ያለ ጥንቃቄ ሊያጣምም ይችላል። ሌሊት የወጣህበት ማግሥት የሥራ ቀን እንዳይሆን አድርገህ ተራህን አስይዝ። ይህ ካልተቻለ የሌሊቱን ትተህ የቀኑን ያዝ። ሐዋርያት ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ጌታ "ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ" ነው ያላቸው (ማርቆስ 6፥31)። ሕዝቡ አላለቀም ነበር፤ በሽተኛው አላለቀም ነበር። ቢሆንም ዕረፉ አላቸው። በጾም ቀን ተረኛ ከሆንክም እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። ቃሬዛ ይዞ ራሱን የሚስት ሰው ሁለተኛ በሽተኛ ይሆናል።

ስእለትህስ? "ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል" የሚለውን የመክብብን ቃል (5፥5) ፈርተህ ይመስለኛል ሁሉንም ጥሪ የምትቀበለው። ግን ያልከውን መልሰህ አንብበው። "የወደቀ ሰው አነሣለሁ" ነው ያልከው። "በየሌሊቱ፣ በየጥሪው" አላልክም። በወር አራት ተራ የሚወጣ ሰውም የወደቀ እያነሣ ነው። እመቤታችን የአንተን ቤት አፍርሰህ የሰው ቤት እንድትሠራ አትፈልግም። ልክህን ግን ለብቻህ አትቁረጥ፤ ለንስሐ አባትህ ስእለቱን ቃል በቃል ንገራቸውና መጠኑን አብራችሁ ወስኑ። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ልብህም ያርፋል።

ባለቤትህ የተናገረችውን እንደ ጭቅጭቅ አትስማው። ጳውሎስ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደ ካደ ነው ይላል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8)። ከባድ ቃል ነው። የወሩ ተራ ሲወጣ መጀመሪያ የምታየው እሷ ትሁን። ይህ ቀን አይመችም ካለች ሳትከራከር ቀይረው። ስልክህም ተራህ ባልሆነበት ማታ ከምግብ ገበታ ይራቅ። እሷ አንተን የምትሰጠን ሰው ናት፤ አንተ ሌሊት ስትወጣ ብቻዋን የምታድረው እሷ ናትና ከዋጋው እኩል ድርሻ አላት።

ቅዳሴውን በተመለከተ። በቅዳሴ መሀል መውጣት ልማድ ሊሆን አይገባም። ግን ጌታ በሬው ወይም አህያው ጉድጓድ የገባበት ሰው በሰንበት ቀን ወዲያው አያወጣውምን ብሎ ጠይቋል (ሉቃስ 14፥5)። ስለዚህ ተረኛ ሆነህ ከተጠራህ ውጣ፤ ኃጢአት አይሆንብህም። አስቀድመህ ግን በር አካባቢ ቁም፣ ስልክህን ድምፅ አጥፋ፣ ሰው ሳታውክ ውጣ። በምትቆርብበት ቀን ጨርሶ ተረኛ አትሁን፤ ያ ቀን የሥጋ ወደሙ ነው። ቁስለኛ ስታነሣ ደም ነክቶህ ከሆነ ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ግባ። ጌታ በናይን የመበለቷን ልጅ ቃሬዛ በእጁ ነክቷል።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ግን እጅህ ላይ ነው፤ ወሎ ነው ያለኸው። አብረውህ ከሚያገለግሉት ውስጥ ሙስሊሞች አይጠፉም። እሑድ ጠዋትን እነሱ ይያዙልህ፣ አንተ ዓርብ የጁምዓን ሰዓት ያዝላቸው። ለፋሲካ እነሱ፣ ለዒድ አንተ። እናቶቻችን በሠርግና በለቅሶ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው፤ አዲስ ነገር አልነገርኩህም።

አንድ ነገር ቀረኝ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ላይ እንደ ማንኛውም ዓመት ዳገቱ ላይ የሚደክሙ አረጋውያን፣ ራሳቸውን የሚስቱ ነፍሰ ጡሮች ይኖራሉ። የተሳልክበት ቦታ ነውና እዚያ መመደብ እንደምትፈልግ እገምታለሁ። እንግዲያው የዓመት ፈቃድህን ለበዓሉ ቀናት ከአሁኑ በጽሑፍ ጠይቅ። ባለቤትህንም ይዘሃት ውጣ፤ አንተ ተራህን ስትጨርስ አብራችሁ ትሳለማላችሁ።