ዝናቡ ሳይቀንስ በቆሎው ለምን ፍሬ አጣ?

ጥያቄ፦ በመቂ አካባቢ በቆሎ አመርታለሁ። ባለፈው ክረምት የዘነበው ዝናብ ከወትሮው ያነሰ አልነበረም። ሰኔ ላይ የዘራሁት ቡቃያ ግን በመሐል ዝናቡ በመቋረጡ ስለጠፋብኝ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቢ ኤች 660 የተባለውን ዘር ደግሜ ዘራሁ። አገዳው አምሮ ቢያድግም አብዛኛው ቆረቆንዳ ባዶ ሆነ። ማዳበሪያ ብጨምር ይሻል ነበር?

መልስ፦ ማዳበሪያ ቢጨምሩ ወጪዎ ይበዛ ነበር እንጂ ፍሬው አይያዝም ነበር። ቡቃያ ሳለ ለጥቂት ቀናት የጠወለገ በቆሎ ዝናብ ሲያገኝ ያገግማል፤ አበባ ከማውጣቱ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሁለት ሳምንታት ውኃ ያጣ በቆሎ ግን የከሰረውን ኋላ በሚመጣ ዝናብ አይመልስም። እያንዳንዱ ፍሬ የሚፈጠረው ከአናቱ የሚረግፈው የወንዴ አበባ ብናኝ በአንድ የጺም ክር ላይ ሲያርፍ ሲሆን፣ ድርቅ ሲያጋጥም አናቱ በጊዜው ሲያብብ ጺሙ ይዘገያል፤ በወጣም ጊዜ ብናኙ አልቆ ይጠብቀዋል።

ቢ ኤች 660 ለመድረስ ወደ 160 ቀን የሚፈልግ፣ እንደ ባኮ ላሉ ረጅም ዝናብ ለሚያገኙ አካባቢዎች የሚስማማ ዘር ነው። ሐምሌ ላይ ሲዘራ የሚያብበው መስከረም ውስጥ፣ ክረምቱ በስምጥ ሸለቆ ሊወጣ በተቃረበበት ወይም በወጣበት ወቅት ነው። ስለዚህ የጎዳዎት የዝናቡ መጠን ሳይሆን ከአበባው ጊዜ ጋር መተላለፉ ነው። ለእርስዎ አካባቢ በ130 ቀን ገደማ የሚደርሰው መልካሳ 2 ይሻላል፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ ቢዘራ ገና ዝናብ ባለበት በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ያብባል።

ለመዝራት የመጀመሪያው ዝናብ አያጓጓዎት። አፈሩን ቆፍረው እርጥበቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር መድረሱን ይመልከቱ። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ቦይ በየጥቂት እርምጃው በአፈር መገደብም ኃይለኛው ዝናብ እንደ ጎርፍ ከመሄድ ይልቅ ማሳው ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል፤ ድካም ቢኖረውም በደረቅ ሳምንታት ስለሚጠቅም አጥብቀን እንመክራለን። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ክረምቱ የሚሰጠውን ትንበያም ይከታተሉ፤ በ2007 ዓ.ም. እንደታየው ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) ባለበት ዓመት የክረምቱ ዝናብ ሊያንስ ስለሚችል ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥ ያስፈልጋል።

እንዳለፈው ዓመት ቡቃያው ጠፍቶ ሐምሌ ከገባ ደግሞ በረጅም ጊዜ የሚደርስ በቆሎ አይድገሙ፤ ማሳውን ለጤፍ ወይም ለቦሎቄ ያውሉት።