የስፖርት መኪና አሞርዛተር፦ መጀመሪያ ሞላው ይታወቅ

ጥያቄ፦ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪናዬን 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ አስገብቼለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ሲያገኝ ይመታል፤ ጉብታ ካለፈ በኋላም ሁለት ሦስቴ ይዋልላል። አሞርዛተሮቹ የፋብሪካው ናቸው። የምነዳው በአብዛኛው ለሥራ፣ አልፎ አልፎ በውድድር ሜዳ ነው። የሚስተካከል አሞርዛተር ልግዛ?

መልስ፦ ሁለቱ ምልክቶች ምክንያታቸው ለየቅል ነው። የሚዋልለው አሞርዛተሩ የጠነከረውን ሞላ መያዝ ስላቃተው ነው። የሚመታው ደግሞ መኪናው ዝቅ ሲል የአሞርዛተሩ ዘንግ ወደ ውስጥ የሚገባበት ርቀት ስላጠረና ምቱን የሚያለዝበው መቋቋሚያ ጎማ ላይ ቶሎ ስለሚደርስ ነው። ጠንካራ አሞርዛተር ብቻ ቢገዙ መዋለሉ ይቆማል፣ ምቱ ግን አይለቅዎትም።

ስለዚህ አካሉ ለአጭር ሞላ ተብሎ ያጠረ ይፈልጉ። የአሞርዛተር አምራቹ ቢልስታይን ለምሳሌ ቢ6ን ለፋብሪካ ቁመት፣ ቢ8ን ዝቅ ላለ መኪና ይሠራል፤ ከሁለቱ ለእርስዎ የሚሆነው ቢ8 ነው። ሁለቱም አይስተካከሉም። የሚስተካከል ከፈለጉ፣ የሌላው አምራች የኮኒ ቢጫው አሞርዛተር ይስተካከላል፤ የሚቀየረው ግን ዘንጉ ሲዘረጋ ያለው ኃይል ብቻ ነው። ለእርስዎ አጠቃቀም ይኸው ይበቃል፤ መጨመቁም መዘርጋቱም ለየብቻ የሚስተካከለው ልምድ ለሌለው ሰው ግራ መጋባትን እንጂ ፍጥነትን አይጨምርም።

ምን ያህል ይጥበቅ? ሞላው በእጥፍ ቢጠነክር እንኳ አሞርዛተሩ መጨመር ያለበት 40 በመቶ ያህል ነው፤ በ30 በመቶ ቢጠነክር ደግሞ 14 በመቶ ገደማ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እስከ መጨረሻው ያጠብቁታል። መዘርጋቱ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጎማው ከአንዱ ጉብታ ወደ ቀጣዩ እስኪደርስ አይመለስም፣ መኪናው እየተቀመጠ ይሄድና እንደገና መምታት ይጀምራል። ከመጨረሻው ልስላሴ ተነስተው ሩብ ዙር ሩብ ዙር ይጨምሩ፤ መዋለሉ እንደጠፋ ያቁሙ። የአንድ አክስል ግራና ቀኝ እኩል ይሁን።

ሲገጠም የላይኛው መያዣ ጎማ፣ መቋቋሚያውና የአቧራ መከላከያው አብረው ይቀየሩ። ዳዶው ሲጠብቅ ዘንጉን በፒንሳ የሚይዝ መካኒክ ካዩ ያስቁሙት! የተጫረ ክሮም የዘይት ማገጃውን ይቀድደዋል፣ አዲሱም አሞርዛተር ብዙ ሳይቆይ ዘይት ያፈሳል። የብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲይዝ ነው፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ቡሾቹ (በመገጣጠሚያው ያሉት ላስቲኮች) እንደተጠመዘዙ ይቀሩና ቶሎ ይቀደዳሉ። ከዚያ አላይመንት ይሠራ።

በቂ ርቀት መኖሩን ለማወቅ፣ ዘንጉ በሚታይበት አሞርዛተር፣ ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሩና ወደ አካሉ አስጠግተው በተለመደው መንገድዎ ይንዱ። ማሰሪያው ተገፍቶ መቋቋሚያው ጎማ ውስጥ ከተቀበረ ችግሩ የአሞርዛተሩ ጥንካሬ አይደለም፤ መኪናው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል።