ከጥብስ ቅጠል ዘይት ሲያወጡ የሚቀረውን አይጣሉት

ጥያቄ፦ በማኅበር ሆነን ከጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) በእንፋሎት ዘይት እናወጣለን። አንድ ገዢ ደግሞ አንቲኦክሲዳንት (ቅባት በአየር ቶሎ እንዳይበላሽ የሚከላከል ነገር) ያለው ምርት እፈልጋለሁ አለን። ዘይቱ አይበቃም ወይ? የተረፈውን ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ ነው የምንደፋው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይድፉት! ገዢው የሚፈልገው በአብዛኛው ያለው እዚያው ቅጠል ላይ ነው።

እንፋሎት ይዞ የሚወጣው የሚተነውን ብቻ ነው፤ ሽታውን ማለት ነው። ቅባት ሽታው እንዳይለወጥ በዋናነት የሚከላከሉት ካርኖሲክ አሲድና ሮዝማሪኒክ አሲድ ግን አይተኑም። ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ዘይቱ 1 ኪሎ ቢሆን ነው፤ እነሱ ከቀረው ጋር ይቀራሉ።

ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ተነክሮ ነው የሚፈላው ወይስ ከውሃው በላይ በወንፊት ተቀምጦ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሮዝማሪኒክ አሲድ በውሃ ይሟሟል። ተነክሮ ከፈላ ወደ ቡናማው ውሃ ይገባና አብሮ ይደፋል። ካርኖሲክ አሲድ በተቃራኒው ውሃ አይወድም፤ የሚሟሟው በቅባትና በአልኮል ነው። ቅቤ ስናነጥር ቅመም የምንጨምረውም ለዚሁ ይጠቅማል፤ ቅባቱ ውሃ የማያወጣውን ያወጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ ከፈለጉ ጥቂት ውሃ የተቀላቀለበት ለምግብ የሚሆን አልኮል ይሻላል። ለማቃጠያ የሚሸጠውን አልኮል ግን በፍጹም አይጠቀሙ፤ ሜታኖል የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

ቅጠሉ ከጋኑ ሲወጣ ትኩስና እርጥብ ነው። ተከምሮ ካደረ ይሻግታል። ወዲያው ጥላ ውስጥ በስሱ ዘርግታችሁ አገላብጡት፤ በእጅ ሲታሽ ድቅቅ ካለ ደርቋል። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ብርሃንና ሙቀት ይጎዱታል። መፍጨቱን ደግሞ ለማውጫው ቀን ያቆዩት፤ የተፈጨ ቅጠል አየር ቶሎ ያገኘዋል።

ገዢ ባይገኝ እንኳ ለመኖ ይሆናል። ስፔን ውስጥ ተመራማሪዎች ዘይቱ የወጣለትን ቅጠል ለእናት በጎች መኖ ቀላቅለው ነበር፤ የግልገሎቻቸው ሥጋ ቅባት ቶሎ አልተበላሸም።

አውሮፓ ከሮዝመሪ በአልኮልና በመሳሰሉት ተሟሙቶ የሚወጣውን ኢ392 በሚል መለያ ቁጥር ለምግብ ማቆያነት ይቀበላል። እዚያ የሚለካው ካርኖሲክ አሲድና ከእሱ የሚገኘው ካርኖሶል ነው። ስለዚህ ገዢውን መጀመሪያ የትኛውን እንደሚፈልግ ይጠይቁት፤ ካርኖሲክ ካላችሁ በውሃ አታፍሉ፣ ሮዝማሪኒክ ካላችሁ ያንን ቡናማ ውሃ አትድፉ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊትም ከደረቀው ቅጠል ናሙና ወስዳችሁ ቤተ ሙከራ አስለኩ።