ከመቀንጠባችሁ በፊት

ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቲማቲም የምታለሙ ልጆች፣ አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

በግብርና ባለሙያነት በተመደብኩበት ዓመት አንድ አባወራ ማሳ ገባሁ። ከትምህርት ቤት የወጣሁ ትኩስ ነኝ። «የጎን ቀንበጡን ሁሉ ቀንጥቡ፣ ጉልበቱ ወደ ፍሬ ይሄዳል» አልኳቸው። አመኑኝ። ከልጆቻቸው ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ሲቀነጥቡ ዋሉ። ጣታቸው መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ።

ዘሩ ግን ሮማ ነበር። ሮማ ቁመቱን ራሱ የሚያቆም አጭር ዓይነት ነው፤ ፍሬውን የሚሸከመው በእነዚያው ቅርንጫፎች ነው። ምርቱ አነሰ። የተረፈውንም ጥላ ስላጣ ፀሐይ ለበለበው። «ምን ታደርግ ልጄ፣ የተማርከውን ነው ያልከው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሮማ ቁመት የሚቆመው አንድ ጂኑ ስለተለወጠ ነው። ለውጡ እ.ኤ.አ. በ1914 ፍሎሪዳ ውስጥ በአጋጣሚ የተገኘ ነው።

አሁን አንድ ግንድ ቀረብ ብላችሁ እዩ። በቅጠሉ ብብት ውስጥ ትንሽ ጉጥ አለች። ጉጧ እንድትፈጠር ላተራል ሰፕረሰር የሚባል ጂን መሥራት አለበት። (ስሙ ያሳስታል፤ «የጎን አፋኝ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው ጂኑ ከተበላሸበት ተክል ነው።) ተፈጥራም ወዲያው አታድግም። ከጫፉ የሚወርደው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ይይዛታል፤ ጉጧ ውስጥም እንደ መኪና ፍሬን የሚሠራ ሌላ ጂን አለ። ጫፉን ፍየል ከበላው ታችኞቹ የሚነቁት ለዚህ ነው።

«ታዲያ ላተራል ሰፕረሰር የተበላሸበትን ዘርተን ከመቀንጠብ አንገላገልም?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ያ ተክል ብብቱ ባዶ ነው፣ እሰየው። ግን ያው ጂን አበባውም ውስጥ ሥራ አለው፤ ቢጫዎቹ የአበባ ቅጠሎች አይወጡም፣ ፍሬ መያዙም ይደክማል። ያውም ከአበባው ዘለላ ሥር ያሉት ቀንበጦች አሁንም ይወጣሉ።

በገመድ የሚወጣው ረጅሙ ዓይነት ከሆነ ግን ቀንጥቡ፣ ቀንበጡ ከጣት ሳይረዝም። ትምባሆ የነካ እጅ ቫይረስ ስለሚያጋባ መጀመሪያ በሳሙና ታጠቡ።

በዓመቱ እኚያ አባወራ መንገድ ላይ አገኙኝ። «ዘንድሮስ እንቀንጥብ?» አሉኝ፣ ፈገግ እያሉ።

«ዘሩ ምንድን ነው?» አልኳቸው።