ከሠንጠረዡ ሳይሆን ከፈተናው ወረቀት ጀምሪ

«የትምህርት ክፍላችን የዲግሪ ፕሮግራም ዓለም አቀፍ ደረጃ ማሟላቱን እንዳጣራ የኮሚቴ ሰብሳቢ ተደርጌአለሁ፤ ስድስት ወር ነው የተሰጠኝ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ።

እኔ የተመረጥኩት ስብሰባው ላይ አርፍጄ በገባሁ ቀን ነው። በሩን ስከፍት ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩኝ ነገሩ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ባስረዝመው አትፍረጂብኝ። ስድስት ወር ያሉሽ ሰዎችም ሥራውን አያውቁትም።

1. መለኪያሽን ምረጪ። «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የሚባል አንድ መጽሐፍ የለም። እኛ ከአምስት ቦታ የተለቃቀመ መስፈርት ይዘን ሁለት ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ኢንጂነሪንግ ከሆንሽ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን የሚገመግመው የአሜሪካው ድርጅት አቤት (ABET) አለልሽ (ስሙ አቤቱታ ይመስላል፤ ሥራውም ከዚያ አይርቅም)። 8 አጠቃላይ መስፈርቶች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ ለኢንጂነሪንግ ተመራቂ 7 የመማር ውጤቶችን፣ ማለትም ተመራቂው ማድረግ መቻል ያለበትን፣ ይዘረዝራል። ሕክምና ከሆነ የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን መስፈርት አለ። ፌዴሬሽኑ ግን ዕውቅና የሚሰጠው ለገምጋሚ ተቋማት እንጂ ለትምህርት ቤቶች አይደለምና ደብዳቤ በመጻፍ ጊዜ አታጥፊ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥተው በ2015 ያሻሻሉት የጥራት ማረጋገጫ መመሪያ ደግሞ ለየትኛውም መስክ ይሆናል። አንቺን የሚመለከተው የመጀመሪያው ክፍል 10 ነጥብ ብቻ ነው፤ በአንድ ማታ ትጨርሽዋለሽ። አንዱን ያዢና ሌላውን ዝጊው።

በነገራችን ላይ «ከዓለም ስንተኛ ነን?» የሚል አለቃ አይጠፋም። የእኛ ዲን በየስብሰባው ይህንን ሲጠይቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ዝርዝር በአብዛኛው የሚቆጥረው ምርምርና ዝና ነው። ያንቺ ተመራቂ ሪፖርት መጻፍ ይችል እንደሆነ አይነግርሽም።

2. ከመማር ውጤቶቹ ውስጥ «ያውቃል»፣ «ይረዳል»፣ «ይገነዘባል» የሚሉትን አውጪ። መረዳትን በምን ትለኪዋለሽ? «ያሰላል»፣ «ይነድፋል»፣ «አወዳድሮ ይመርጣል» ሲባል ግን የሚታይ ነገር አለ። ይሄንን ማንም ስለሚነግርሽ አልፈዋለሁ።

3. ሠንጠረዡ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

ኮርሶቹ በአንድ በኩል፣ የመማር ውጤቶቹ በሌላ በኩል ይደረደሩና የትኛው ኮርስ የትኛውን ውጤት እንደሚያስገኝ ምልክት ይደረጋል። እኛ 42 ኮርስ፣ 7 ውጤት፣ 294 ሳጥን ነበረን። ለመምህራኑ ላክሁት። እያንዳንዱ የእሱ ኮርስ እንዳያንስበት ሁሉንም ሞልቶ መለሰልኝ። የሒሳቡ ኮርስ የሥነ ምግባር፣ የቡድን ሥራና የንግግር ችሎታ ያስገኛል ተባለ። እኔም ደስ አለኝ። ምን ያህል የተሟላ ፕሮግራም እንዳለን አየሁና በቀለም አሳምሬ አተምኩት። ለእያንዳንዱ የመማር ውጤት ማስረጃ ደግሞ የኮርስ ግሬድ ደረደርኩ፦ «ከተማሪዎቹ 87 በመቶው ሲ እና ከዚያ በላይ ስላገኙ ውጤቱ ተሳክቷል»።

ለመፈተን ያህል አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ ገምጋሚ ጋበዝን። ሴትየዋ ያን ያማረ ሰነድ አልከፈቱትም። «ቡድን ሥራ ላይ ምልክት ያለበትን አንድ ኮርስ ጥራ» አሉኝ። ጠራሁ። «የማጠቃለያ ፈተናውን አምጣ።» አመጣሁ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አምስቱንም ጥያቄ አነበቡና፣ «ቡድን ሥራን የሚለካው የትኛው ነው?» አሉ።

አምስቱም የስሌት ጥያቄ ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ መነጋገር ክልክል እንደሆነ በደማቁ ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ቀጠሉና፣ «ይሄ ቢ ያገኘ ልጅ ቢ ያገኘው መጻፍ ስለሚችል ነው ማስላት ስለሚችል?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም። ማንም አያውቅም። የኮርስ ግሬድ ክትትሉን፣ የቤት ሥራውን፣ ሙከራውን፣ ማጠቃለያውን አንድ ላይ አቡክቶ አንድ ፊደል ያደርገዋል። ከፊደሉ ተነስተሽ ወደ ችሎታው መመለስ አትችይም። የ14 ወር ሥራዬ በአሥር ደቂቃ ተናደ። የዕውቅና ማመልከቻችንም አንድ ዓመት ተራዘመ።

እና አንቺ እንዲህ አድርጊ። ለእያንዳንዱ ውጤት ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ብቻ፣ በተለይ ከመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ምረጪ። በኮርሱ ውስጥ ያንን ውጤት ብቻ የሚለካ ጥያቄ ወይም ፕሮጀክት ለይተሽ ለብቻው አርሚው። ሌላው ሳጥን ባዶ ይሁን። ባዶ ሳጥን አያሳፍርም። የሚቆጡ መምህራን ይኖራሉ፤ አንዱ እኔን ለሦስት ወር ሰላም አላለኝም።

ማረሚያው ደግሞ ሩብሪክ፣ ማለትም ለምን ዓይነት ሥራ ስንት እንደሚሰጥ የሚገልጽ የነጥብ መመሪያ፣ ይፈልጋል። እኛ የመጀመሪያውን ስናዘጋጅ 1 «ደካማ»፣ 2 «መካከለኛ»፣ 3 «ጥሩ»፣ 4 «በጣም ጥሩ» ብለን ጻፍን። ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር 20 የተመራቂ ሪፖርት ወስደን ለየብቻ አረምን። ስናመሳክር በ11ዱ ላይ አልተስማማንም! አንዱን አልረሳውም። ግራፉ ያማረ ነው፣ ቀለሙ ልዩ ነው፣ ግን መስመሮቹ ላይ መለኪያ አልተጻፈም። ሰከንድ ይሁን ሰዓት አይታወቅም። እኔ 4 ሰጠሁት፣ እሷ 2። «ይሄን ግራፍ ይዘህ ምን ትሠራበታለህ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። «ጥሩ» የሚለውን ቃል ሰርዘን «ሥዕላዊ መረጃው ሁሉ መለኪያና መግለጫ አለው» ብለን ጻፍን። ከዚያ ወዲያ የምንለያየው በሦስት አራቱ ላይ ብቻ ሆነ።

የማለፊያውን ልክ ውጤቱን ከማየትሽ በፊት ወስኚ። እኛ 70 በመቶው 3 እና ከዚያ በላይ ያግኝ ብለን በቃለ ጉባኤ አሰፈርን። በጽሑፍ ችሎታ ያገኘነው ከ20ው 9። ዲኑ ቁጥሩን አይቶ «ይሄን ማሳየት ግዴታ ነው?» አለኝ። ግዴታ ነው አልኩት፤ ድምፄ ግን ተንቀጥቅጧል። ከዚያ በመጨረሻው ዓመት መጀመሪያ ላይ ባለው የቤተ ሙከራ ኮርስ ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ አጭር ሪፖርት አስገባን፣ እያረምንም መለስንላቸው። እነዚያው ልጆች ለመመረቅ ሲደርሱ 20 ሪፖርት ስናይ 14ቱ አለፉ። ገምጋሚዎቹ ሲመጡ በጥንካሬ የጻፉልን ይህንኑ ነው፤ ያ ሁሉ በቀለም ያጌጠ ሠንጠረዥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። እኔም ያችን ገጽ ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ፤ አልዋሽሽም።

መጠይቅ በትኚ፣ ተመራቂዎችንና ቀጣሪዎችን ጠይቂ፤ ጥሩ ነው። ግን «በጽሑፍ ችሎታዬ ረክቻለሁ» ያሉት ተማሪዎች ከዘጠና በመቶ በላይ ነበሩ። ከ20ው ያለፉትን ዘጠኙን አስታውሺ።

4. ክሬዲት። አንድ ባልደረባችን የእኛን ክሬዲት በአንድ ቁጥር አባዝቶ «ይኸው የአውሮፓ ክሬዲት» ብሎ አመጣ። የአውሮፓው የሚቆጥረው የክፍል ሰዓትን ብቻ ሳይሆን የተማሪውን ጠቅላላ ድካም ነው። የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት። ተማሪዎቹን ስንጠይቅ ባለ ሁለት ክሬዲቱ የቴክኒክ ሥዕል ኮርስ ከባለ አራቱ ይልቅ እንቅልፍ እንደሚነሳቸው ነገሩን። የዚያ ኮርስ መምህር ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ይህን የሚጽፍልሽ ሰው ነው።

5. ሬጅስትራር። አይ ሬጅስትራር! የፈለግሁት ቀላል ነገር ነው፦ በአንድ ዓመት ከገቡት ውስጥ ስንቱ በጊዜው ተመረቀ፣ ስንቱ ዘገየ፣ ስንቱ አቋረጠ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ደብዳቤ» አለኝ። ደብዳቤ አመጣሁ። «ማኅተም።» ማኅተም አስመታሁ። «ይሄ የተጻፈው ለኃላፊው ነው፣ ለክፍሉ መሆን ነበረበት።» ስድስት ሳምንት ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ የሰጠኝ ቁጥር በዚያ ዓመት የተመረቁትን በሙሉ ነው፤ ከሌላ ክፍል የተዛወሩትም፣ ከሁለት ዓመት በፊት መመረቅ የነበረባቸውም ተቀላቅለውበታል። ከገቡት የተመረቁት በለጡ። ለገምጋሚ 104 በመቶ የምረቃ መጠን ልታቀርቢ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤሽ ላይ ሠንጠረዡን ራስሽ ሠርተሽ አያይዢ። የገቡበት ዓመት፣ የገቡት ብዛት፣ በጊዜው የተመረቁ፣ የዘገዩ፣ የተዛወሩ፣ ያቋረጡ። «የተመዘገቡትን ተከትላችሁ ሙሉልኝ» በይ። ግልባጭ ለዲኑ አድርጊ፤ ያቺ የግልባጭ መስመር ከማኅተሙ በላይ ትሠራለች።

የሩብሪኩ ፋይል አለኝ፤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ነገ ጠዋት ግን ሌላውን ሁሉ ትተሽ አንድ የማጠቃለያ ፈተና ከመደርደሪያ አውጪና ያንን የሴትየዋን ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ። የሬጅስትራሩን ደብዳቤ ደግሞ ዛሬውኑ አስገቢ።