እግሩን የሚያቃጥለው ሊኔዞሊድ ይቁም ወይ?

እህቴ፣ ወንድምሽ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠውን የስድስት ወር ሕክምና ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ መሆኑን፣ እግሩን እንደሚያቃጥለውም ጽፈሽ ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱን፣ «ሊኔዞሊዱን ለጊዜው ይተወው?» ብለሻል። በነርስነት እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ለዓመታት ተከታትያለሁ። በራሱ ፈቃድ አያቁም። ቀጠሮውንም አይጠብቅ፤ ነገ ጠዋት ሄዶ ይናገር።

ሊኔዞሊድ የባክቴሪያውን የፕሮቲን ሥራ ሲያቆም የእኛን ሴሎች ኃይል የሚያመነጨውን ማይቶኮንድሪያንም ይነካል። ነርቭ፣ መቅኔና ዓይን የሚጎዱት በዚህ ነው። ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ኒክስ ቲቢ ጥናት ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድና ሊኔዞሊድ አብረው ተሰጥተው ከ10 ታካሚ 9ኙ ዳነ፤ ሊኔዞሊዱ በቀን 1200 ሚሊግራም ስለነበር ግን 81 በመቶው የነርቭ ጉዳት ገጠመው። ዜኒክስ የተባለው ተከታይ ጥናት መጠኑን ለ26 ሳምንት 600 ሲያደርገው የሚድነው ሰው 91 በመቶ ሆኖ ሳለ የነርቭ ጉዳቱ ወደ 24 በመቶ ወረደ። አዲስ መድኃኒት ሳይጨመር፣ መጠኑ ስለተስተካከለ ብቻ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሞክሲፍሎክሳሲን ጨምሮ የመከረው ጥምረትም 600 ነው የሚጠቀመው። ቀድሞ ለዚሁ ቲቢ ይሰጥ በነበረው በካናማይሲን መርፌ ጆሯቸው ደንቁሮ የቀሩ ሰዎችን ስላየሁ ይህ ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ ይገባኛል።

ሁሉንም ቢያቋርጥስ? ይህ የባሰ ነው። አብሮ የሚወስደው ቤዳኩሊን ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል። ሌሎቹ በቀናት ውስጥ ሲያልቁ እሱ ብቻውን በትንሽ መጠን ይቀራል፤ ጀርሙም እሱን ለመላመድ ጊዜ ያገኛል።

ጤና ተቋም ሲሄድ የሚንቀጠቀጥ ብረት የእግሩ አውራ ጣት ላይ አሳርፈው መንቀጥቀጡ መቼ እንደቆመ ይጠይቁታል። እባክሽ እዚህ ላይ ምከሪው፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱ እንዳይቀየርበት ፈርቶ «ይሰማኛል» ይላል። ያልተሰማውን አልተሰማኝም ይበል። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው መጠኑን ወደ 300 ሊያወርድ ወይም ለጥቂት ጊዜ ሊያቆመው ይችላል፤ የደም ምርመራና ኢሲጂም (የልብ ምርመራ) ያያል። ስኳር ካለበት፣ መጠጥ የሚጠጣ ወይም የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አይደብቅ።

አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ በሌላው ቀለም ይለይ፣ ከዚያ በተራ ይቀያይር። ቀይ ከደበዘዘበት ወይም ጽሑፍ ከተምታታበት ለነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ይታይ።