መልስ፦ ጉንዳኖች ተመራማሪዎችን የሚከብቡበት አሮጌ ፊልም

ጤና ይስጥልኝ። በረሃ መካከል ሁለት ተመራማሪዎች በጉንዳን የሚከበቡበትን አሮጌ ፊልም ስም ጠይቀዋል፤ የሚፈልጉት በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፌዝ ፎር» ነው (ስሙ በአማርኛ ጆሮ የሚያሾፍ ቢመስልም ፊልሙ ቀልድ አያውቅም)። ዳይሬክተሩ ሶል ባስ በይበልጥ የሚታወቀው በፊልም መክፈቻ ንድፎቹ ሲሆን፣ ያዘጋጀው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ይህ ብቻ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው አሪዞና ውስጥ ነው፤ የውጪ ትዕይንቶቹ ግን የተቀረጹት ኬንያ ነው።

የጎማ ጭራቅ አይጠብቁ። የነፍሳቱን ክፍል የቀረጸው ኬን ሚድልሃም እውነተኛ ጉንዳኖችን በቅርበት ያሳያል፤ በእኔ ግምት የፊልሙ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ ቢጫ መርዝ ከረጩ በኋላ አንዲት ጉንዳን የመርዙን ቅንጣት እየጎተተች ጥቂት ተጉዛ ትሞታለች፣ ሌላዋ ትረከባታለች፣ እርሷም ስትሞት ሦስተኛዋ ትቀበላለች፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ንግሥቲቱ ዘንድ ያደርሱታል፤ እርሷም ቀምሳው መርዙን የሚቋቋም ትውልድ ትፈለፍላለች። ይህ ሁሉ ያለ አንዲት ቃል ነው።

መጨረሻው ግራ እንዳጋባዎት ጽፈዋል፤ ምክንያቱ ስቱዲዮው የባስን ረጅም መዝጊያ ቆርጦ ማስቀረቱ ነው። የተቆረጠው ክፍል ተገኝቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለተመልካች ቀርቧል።